ፎሶሊያውን እንሽጥ፣ ዘሩን ግን እንስጥ

እህቶቼ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት በዚህ እትም ሌሎች ስለጻፉ፣ እኔ ባለፈው ስብሰባ ሳንጨርሰው ስለተበተንበት ጉዳይ ልጻፍ። ስለ ፎሶሊያው ዘር። «ይሄም ርዕሰ አንቀጽ ሆኖ!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ከመጠኑ ይከብዳል። በዚያ እሑድ አንዲት ታላቅ እህታችን ተነስታ «ዘሩን አሥር አሥር ፍሬ በላስቲክ እየቋጠርን ብንሸጥ እኮ የመረዳጃ ሣጥናችን ይሞላል» አለች። ግማሹ ሰው አጨበጨበ፣ ግማሹ ዝም አለ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የኔ ሐሳብ ከርዕሱ ይታያችኋል፤ ዘሩ መሸጥ የለበትም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ያለንን እንወቅ። ሦስት ብልቃጥ ነው ያለን። ሁለቱ ሐረጋም ናቸው፣ አንዱ ድንክ። አንደኛው ሐረጋም ከተራራ መንደር የመጣ ነው፤ የአንዲት አባላችን ማዳም እናት በየዓመቱ በጓሯቸው የሚዘሩት፣ ከእናታቸው የወረሱት። ለእህታችን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው የሰጧት እሳቸው ናቸው። ዛላው፣ ማለትም ፍሬውን የያዘው ለስላሳ ቅርፊት፣ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ ነው። ደርቆ ሲፈለፈል ቡናማ መደብ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ፍሬ ይወጣዋል። ሁለተኛው በሰው በሰው የደረሰን ከበቃ ሸለቆ ነው። እዚያ ሰዓድናይል የሚባል ቦታ ነባር ዘር የሚያባዛና ገበሬ የሚያስተምር «ቡዙሩና ጁዙሩና» የተባለ እርሻ አለ። ስሙ በአማርኛ «ዘራችን ሥራችን» ማለት ነው፤ ሥር ለማለት ነው እንጂ የማዳም ቤቱን ሥራ አይደለም። ድንኩ ከየት እንደመጣ የምታውቀው እህት አገሯ ገብታለች።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል፣ ለአዲስ መጪዎች ይጠቅማልና። አገር ቤት «ፎሶሊያ» የምንለው አረንጓዴውን፣ በጾም ከካሮት ጋር የምንጠብሰውን ነው። እዚህ «ፋሱልያ» ሲሉ ደረቁን ነጭ ፍሬ ማለታቸው ነው፤ አረንጓዴው «ሉብዬ» ይባላል። የመጀመሪያ ሳምንቷን የምትሠራ ልጅ «ፋሱልያ አምጪ» ስትባል ፍሪጅ ከፍታ አረንጓዴውን ይዛ መምጣቷ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቻችን በዚህ ተቆጥተናል። ተክሉ ግን አንድ ነው። ለጋውን ከነቅርፊቱ ስንበላው ፎሶሊያ፣ ሲደርቅ አገራችን ቦሎቄ የምንለው ዓይነት ነው። ጎጃም ያደጋችሁ በአጥር ላይ የሚሳበውን አደንጓሬ ታውቁታላችሁ፤ ዘመዱ ነው። መነሻው ሁሉ ከአሜሪካ አህጉር ነው። እንደ ባቄላና እንደ አተር የኛው ጥንታዊ አይደለም፤ እንደኛው ባሕር ተሻግሮ የለመደ ነው።

«ታዲያ ከሱቅ ገዝተን አንዘራም ወይ? ነባር ዘር ምን የተለየ ነገር አለው?» ያለችኝ እህት አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬ ለትልልቅ እርሻ የሚዳቀለው ፎሶሊያ በአብዛኛው ድንክ ነው፤ ዛላውም ባንድ ጊዜ ይደርሳል። ይህ የሆነው በማሽን ስለሚታጨድ ነው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ገብቶ ጠራርጎ ይወጣል፤ ሐረግ ላይ ተንጠላጥሎ ቀስ በቀስ የሚደርስ ነገር አይመቸውም። ለኛ ግን የሚመቸን ይኸው ማሽኑ የጠላው ነው። በረንዳ ላይ ሁለት ባልዲ ያላት ሴት ባንድ ቀን ሦስት ኪሎ ፎሶሊያ ምን ታደርግበታለች? ሐረጋሙ ወደ ላይ ስለሚሄድ ቦታ አይፈጅም፣ ለሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ እፍኝ እፍኝ ይሰጣል። ለአንድ ድስት የሚሆን፣ ቀጭ ብሎ የሚሰበር።

ክሩ ግን አለ። የተራራው ፎሶሊያ ዘግይቶ ከተለቀመ በጎንና በጎኑ ክር ያወጣል፤ ጫፉን ቀንጥሶ መምዘዝ ያስፈልጋል። ክር የሌለውን ፎሶሊያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ካልቪን ኪኒ የተባለ ሰው ነው መርጦ ያወጣው፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ወደ እሱ አደላ። በየበጋው ለማዳም ሙኔ አሥር ኪሎ ሉብዬ ክሩን መዝዘን፣ ቆርጠን፣ ከፋፍለን ፍሪዘር ስንከት የምናመሽ ሴቶች ለዚህ ሰውዬ ምስጋና ቢኖረን አይገርምም። ቢሆንም ክር ያለው በለጋነቱ ከተለቀመ ክሩ አይታወቅም፤ ጣዕሙ ደግሞ ሌላ ነው። ቅመሱና ፍረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፎሶሊያ አበባ በአብዛኛው ከመከፈቱ በፊት ራሱን በራሱ ያዳቅላል። የአበባው ብናኝ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዘሩ እናቱን ይመስላል። ዘንድሮ የዘራችሁትን በሚቀጥለው ዓመት ብትዘሩት ያው ፎሶሊያ ይወጣል፤ እንደ ድቅል ቲማቲም በሁለተኛው ዓመት ሌላ ነገር ሆኖ አይጠብቃችሁም። አልፎ አልፎ ንብ ልታቀላቅለው ትችላለች፤ ለዚያ ሁለቱን ዓይነት በጣሪያው ሁለት ዳር መትከል ይበቃል። አዋቂ አይጠይቅም፣ ማሽን አይጠይቅም። አንድ ጊዜ በእጃችሁ የገባ ዘር እስከጠበቃችሁት ድረስ የናንተ ነው። እዚህ አገር የናንተ የሆነ ነገር ቁጠሩ ብትባሉ ስንት ትቆጥራላችሁ? ፓስፖርታችን እንኳን በማን መሳቢያ እንዳለ እናውቃለን።

ግን «እስከጠበቃችሁት ድረስ» ነው ያልኩት። ዘር በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ፣ ያቺ ሰው ስትሄድ ይሄዳል። እኛ ደግሞ የምንሄደው በድንገት ነው። በ2020 ኑሮው ሲናጋ ስንቶች ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ እንደቀሩ አይታችኋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ2024 መኸር ቦምቡ ሲወርድ አሠሪዎቻቸው ቆልፈውባቸው የሸሹ ነበሩ፤ በእግራቸው ቤይሩት የገቡም ነበሩ። በዚያን ሰሞን ባልዲ ይዞ የሚሸሽ የለም። ነጭ ፍሬ ያለው አራተኛ ዓይነት ነበረን፤ የያዘችው አንዲት እህት ብቻ ነበረች። ስትሄድ አከራይዋ ክፍሉን አጸዳ፣ ባልዲዎቹን ደፋ፣ ብልቃጡንም ከቆሻሻ ጋር አወረደ። ዛሬ ያንን ፎሶሊያ ማንም የለውም። ከሦስት እህቶች እጅ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ይኖር ነበር።

ይህንን የሚያውቁት ትልልቆቹም ናቸው። ሶርያ ውስጥ ሐለብ አጠገብ ኢካርዳ የተባለ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ትልቅ የዘር ማከማቻ ነበረው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ጦርነቱ መጣና ሠራተኛው ማከማቻው ጋ መድረስ እያቃተው ሄደ። ያዳናቸው ቀደም ብለው ቅጂውን ኖርዌይ ውስጥ ስቫልባርድ በሚባለው በረዷማ ደሴት ወዳለው የዘር ጎተራ መላካቸው ነው። በ2015 ከዚያ መልሰው አወጡት፤ ከጎተራው ዘር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። የት ዘሩት? ሞሮኮ ውስጥ፣ ደግሞም እዚሁ በበቃ ሸለቆ፣ ተርቦል ላይ። ከኛ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳን አይሆንም። እንግዲህ ሳይንቲስቶቹ ከነማቀዝቀዣቸው ዘራቸውን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ካስፈለጋቸው፣ እኛ ከነብልቃጣችን ምን እናስባለን?

የፎሶሊያን ነገር ካነሳን ደግሞ ከሁሉ የሚነካኝ የቸሮኪዎች ታሪክ ነው። ቸሮኪ አሜሪካ ውስጥ የነበረ፣ ዛሬም ያለ ሕዝብ ነው። በ1838 እና በ1839 መንግሥት ከደቡብ ምሥራቅ አገራቸው በወታደር ነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር አስኬዳቸው። በሺህ የሚቆጠሩት በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀሩ። መንገዱን «የእንባ መንገድ» ይሉታል። ከያዟቸው ነገሮች አንዱ ፎሶሊያ እንደነበር ይነገራል፤ ሐረጋም፣ ዛላው ሲበስል ሐምራዊ የሚሆን፣ ፍሬው የሚያብረቀርቅ ጥቁር። በ1977 ጆን ዋይች የተባለ የቸሮኪ ተወላጅ የጥርስ ሐኪም ያንን ዘር ነባር ዘር ለሚጠብቅ አንድ ማኅበር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ፎሶሊያ በብዙ አገር ጓሮ ይበቅላል። ሰውዬው ዘሩን ለቤተሰቡ ብቻ ቆጥቦ ቢይዘው ኖሮ እኔ ስለ እሱ ባልጻፍኩ፣ እናንተም ባላነበባችሁ።

የኛውን ሰው ደግሞ አንርሳ። ዶክተር መላኩ ወረደ በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለዓመታት መርተዋል፤ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው ሲከራከሩለት የኖሩት ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በየማሳው እየተዘራ ይጠበቅ ብለው ነው። እናቶቻችን ይህን ከማንም አልተማሩትም። በክፉ ቀን እንኳን ለዘር የተባለው ቅል አይነካም ነበር። ጎረቤት ዘር ሲያጥረው ይሰጠዋል፣ ምርቱ ሲደርስ ይመልሳል። ዘር አበድሮ ወለድ የሚቆጥር ሰው በመንደሩ ስሙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ይህን ስል የእህታችንን ሐሳብ አቃልዬ አይደለም። የመረዳጃው ሣጥን ባዶ መሆኑን ከኔ በላይ ታውቃለች፤ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ገንዘብ ስታሰባስብ ያየናት እሷ ናት። ስለዚህ ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሦስቱም ብልቃጥ ተደምሮ በሚዛን ግማሽ ኪሎ ነው፤ ወደ 1300 ፍሬ። አሥር አሥር ብንቋጥረው 130 ጥቅል። አንዱ በአንድ ዶላር ተሸጠ፣ አንድም ሳይቀር አለቀ እንበል፤ 130 ዶላር። ለአንዲት እህት የመመለሻ ትኬት ግማሽም ላይሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑም ብልቃጡም ባዶ።

ብንሰጠውስ? 300ውን ለመጠባበቂያ እናስቀር፣ 1000ውን 15 15 አድርገን ብናድል ለ66 እህቶች ይደርሳል። ግማሾቹ አይሳካላቸው፤ ሙቀት ይብላው፣ ማዳም ትንቀለው፣ ቤት ይቀይሩ። ለቀሩት 33 አንዳንድ ሐረግ ለዘር ቢተው፣ ከአንዱ ሐረግ 20 ዛላ፣ ከአንዱ ዛላ አምስት ፍሬ ብንይዝ፣ 3300 ፍሬ ነው። ያውም በ33 ቤት ተበትኖ።

መሸጥ ካለብን አረንጓዴውን እንሽጥ። አንድ ባልዲ ላይ አራት ሐረግ ቢኖር በወቅቱ ሁሉ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ቢሰጥ ነው፤ ጥሬውን መሸጥም ብዙ አያዋጣም። ተሠርቶ ግን ሌላ ነው። በመጋቢት መጨረሻ የተዘራው በሰኔ ይለቀማል፤ የሰኔ ጾም ላይ ይደርስልናል ማለት ነው። ፎሶሊያ በካሮት፣ ምስር፣ ጎመን አድርገን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በያይነቱ ብንሸጥ ሣጥኑ ከዘሩ የተሻለ ያገኛል። ሙስሊም እህቶቻችን ሉብዬ ቢ ዜይት እንሥራ ብለዋል፤ በወይራ ዘይት፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም። ያንን ደግሞ ከሊባኖሶቹ እኩል ነው የሚሠሩት፤ ማን ሠርቶ ማን ሲበላ እንደኖረ ይታወቃል።

ዘሩን እንስጥ የምልበት ዋናው ምክንያት ግን ሒሳቡ አይደለም። ከሸጥነው የሚገዛው ማነው? እሑድ የምትወጣው፣ ደመወዟን በእጇ የምትቀበለው። ቤት ውስጥ ያለችው፣ የዕረፍት ቀን የሌላት፣ ገንዘቧ «በኋላ እሰጥሻለሁ» እየተባለ የተያዘባት እህት ዶላሩንም እሑዱንም ከየት ታመጣለች? ማኅበራችን ሲቋቋም ለማን ነበር? እኛ እሷን የምናገኛት በሊፍት ውስጥ፣ ቆሻሻ ስታወርድ፣ ከላይኛው ፎቅ በረንዳ በእጅ ምልክት ነው። በወረቀት የተጠቀለለ 15 ፍሬ በአንድ እጅ መዳፍ ይገባል። ከዘሩ ጋር የማኅበሩ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀትም ትገባለች። ይሄኛው ነገር ለአንዳንዷ ከፎሶሊያው ይበልጣል።

ቤት ለምትኖሩት አንድ ምክር አለኝ፤ ተደብቃችሁ አትዝሩ። ማዳምን አስፈቅዱ። «ሉብዬ ባላዲ ነው፣ ለቤቱም ይሆናል» በሉ። ብዙዎቹ አያቶቻቸው መንደር ያደጉ ናቸው፤ ባላዲ ሲባል ፊታቸው ይፈታል። እምቢ ካለች እምቢ ናት፤ ለፎሶሊያ ተብሎ ሥራ ላይ ጠብ አይገባም። ደግሞ እባካችሁ ባልዲውን ከሐዲዱ ውጭ አታንጠልጥሉ፣ ዛላ ለመልቀም ብላችሁም ወደ ውጭ አትንጠራሩ። ከበረንዳ የወደቁትን እህቶቻችንን ለማስታወስ ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ባልዲው ከግድግዳው ሥር፣ ሲባጎው ወደ ውስጥ በኩል።

አዘራሩን በአጭሩ። የላብኔ ትልቁ ባልዲ ወይም የዘይት ጣሳ ይበቃል፤ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ቀዳዳ ይኑረው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከአራት ሐረግ በላይ አትጫኑበት። አፈሩ ላላ ያለ ይሁን፤ ማዳበሪያ ብዙ አትጨምሩ፤ የፎሶሊያ ሥር ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ስለሚያስጠጋ፣ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ፍሬውን ውኃ ውስጥ አታሳድሩት፣ ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል። ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ቅበሩና አንዴ አጠጡ፤ እስኪበቅል አታጨቅዩት። አፈሩ ሳይሞቅ መዝራት ዘር ማባከን ነው፤ ቤይሩት ላይ ከመጋቢት አጋማሽ በፊት አትቸኩሉ። ተራራ ያላችሁ አንድ ወር ጠብቁ።

ትልቁ ጠላት የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ነው። አበባው ይወጣና ይረግፋል። ተክሉ የሞተ ይመስላችኋል፣ አልሞተም፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ አድርጉለትና ማለዳ አጠጡ፣ ሲበርድ እንደገና ያብባል። የዘገየች እህት በነሐሴ መጨረሻ ብትዘራም ለመኸር ይደርስላታል። ክሽክሽ ከመጣ በቀላል የሳሙና ውኃ እጠቡት፤ ክሎርና የወጥ ቤት ኬሚካል እንዳታስጠጉ። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ አትነካኩት፣ በሽታ የሚዛመተው ያን ጊዜ ነው። ሐረጋሙ ከተዘራ ከሁለት ወር በኋላ መለቀም ይጀምራል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ልቀሙ፤ ዛላ ካረጀበት ማፍራቱን ያቆማል። ጥሬውን አትብሉት። የደረቀውን ደግሞ አሳድራችሁ፣ ውኃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በደንብ ካንተከተከ በኋላ ነው አብስላችሁ የምትበሉት፤ በደንብ ያልበሰለ ሆድ ክፉኛ ያማል።

ለዘር የሚሆነውን ከመጀመሪያው ለዩት። የተራረፈውን፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን ኮሳሳ ዛላ ለዘር የምታደርጉ አላችሁ፤ እንደዚያ አይደለም። ጤነኛውንና ቀድሞ ያፈራውን አንድ ሐረግ መርጣችሁ ቀይ ክር እሰሩበት፣ ከሱ ላይ ለድስት አትልቀሙ። ቅጠሉ የተጨማደደ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ዥንጉርጉር ከሆነ ግን ከሱ ዘር አትያዙ፤ በሽታው በዘሩ ይተላለፋል። ዛላው ለመበላት ከደረሰ በኋላ ሌላ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ስትነቀንቁት ይንኳኳል። ፈልፍሉና ጥላ ላይ አድርቁት። በጥፍራችሁ ስትጫኑት ምልክት ካበጀ ገና ነው።

ከዚያ ነቀዝ አለ። እናቶቻችን አመድ ያደርጉበት ነበር። እኛ ፍሪዘር አለን። በደንብ የደረቀውን በተከደነ ብልቃጥ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ ስታወጡት ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አትክፈቱ፣ አለዚያ ላብ ይይዘዋል። ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይበቅላል። ወረቀቱ ላይ ዓይነቱን፣ የተለቀመበትን ዓመትና ከማን እንደመጣ ጻፉ። የድንኩን መነሻ የሚናገር ሰው ያጣነው አንዲት መስመር ስላልተጻፈ ነው።

አገር ስትገቡ ዘሩን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ዘር ማስገባት የዕፅዋት ጤና ፈቃድ ይፈልጋል፤ በዘሩ የሚሄድ በሽታ የገበሬውን ማሳ ሊያበላሽ ይችላል። እዚያ ቦሎቄና አደንጓሬ ሞልቷል። ዘሩን እዚህ ለምትቀረው ስጡ። ይህን ደግሞ የጉዞ ቀን ሳይቆረጥ አድርጉት፣ ትኬት የተቆረጠ ቀን ማንም ፎሶሊያ አያስታውስም።

ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። እያንዳንዷ 15 ፍሬ በነፃ ትውሰድ። ከተሳካላት 30 ትመልስ፤ 15ቱን ለብልቃጡ፣ 15ቱን በቀጥታ ለሌላ እህት። ያልተሳካላት አትጠየቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትውሰድ። እሑድ መውጣት ለማትችል እህት ማድረስ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ወይም ሠፈር ያለችው አባል ኃላፊነት ይሁን። ብልቃጦቹም ባንድ ክፍል አይቀመጡ፤ አንዱ ዶራ፣ አንዱ ቡርጅ ሐሙድ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ይሁን። የመሸጡን ሐሳብ ያመጣችው እህታችን የበያይነቱን ሒሳብ ብትይዝልን ደስ ይለኛል፤ ገንዘብ በመያዝ ከሷ የተሻለ የለንም።

ድምፅ የምንሰጠው በመጋቢት የመጀመሪያው እሑድ ነው። በዚያው ቀን ዘር ስለሚታደል ፖስታ ወይም ያገለገለ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ በላስቲክ አንሰጥም፣ ዘሩ ይታፈናል። ትርፍ የላብኔ ባልዲ ያላችሁም አምጡ። ቀዳዳ የምንበሳበት ምስማርና መዶሻ አለን።